ጠበቃው ለጁሪ የሚተርከው

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጁሪ (በችሎት ክርክሩን ሰምቶ ለሚወስን የተራ ዜጎች ቡድን) አገልግሎት ተጠርቻለሁ። አንድ ወዳጄ «ተከላካይ ጠበቃ ተረት አሳምሮ ወንጀለኛ ያስፈታል፤ ተጠንቀቅ» አለኝ። የወንጀል ክርክር በእርግጥ በተረት ይረታልን? ከሆነስ ማታለል አይደለምን?

መልስ፦ ወዳጅዎ የተናገሩት ግማሹን ነው። ተከላካይ ጠበቃ ይተርካል፤ ዐቃቤ ሕጉም ይተርካል፤ ሕግ ያልተማሩ 12 ሰዎች ለቀናት የሰሙትን የተበታተነ ምስክርነት የሚይዙት ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን እንዳደረገ ሲያያዝላቸው ነውና። ጥያቄው ትረካውን የሚሸከም ማስረጃ መኖር አለመኖሩ ነው።

ለዚህ የዲትሮይቱን የስዊት ቤተሰብ ጉዳይ የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። ኦሲያን ስዊት የተባለ ጥቁር ሐኪም በመስከረም 1925 እ.ኤ.አ. በነጮች ሠፈር ወደ ገዛው ቤት ገባ። በማግስቱ ምሽት ደጃፉ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ድንጋይ ሲወረውር ከቤቱ ጥይት ተተኮሰና አንድ ነጭ ሞተ፤ በቤቱ የነበሩት 11 ሰዎችም በግድያ ተከሰሱ። የዐቃቤ ሕግ ትረካ መንገዱ ጸጥ ያለ ነበር የሚል ነው። ጠበቃው ክላረንስ ዳሮው ግን ታሪኩን ከጥይቱ ሳይሆን ከመስኮቱ በስተውስጥ ጀመረው። አንድ ወጣት ምስክር «ብዙ ሕዝብ» ሊል ጀምሮ ወደ «ጥቂት ሰዎች» ሲመለስ ጁሪው ሰማ። ቀጥሎ ሐኪሙ ራሱ ቀርቦ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው፣ ነጮች በጥቁሮች ላይ ስለሚፈጽሙት የመንጋ ግድያ መሰከረ። ዐቃቤ ሕጉ ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ተቃወመ፤ ዳኛው ፍራንክ መርፊ ግን ፈቀዱ፤ ሕጋዊ መከላከል የሚመዘነው ተከሳሹ በዚያች ሰዓት በነበረበት ሁኔታ በምክንያት ፈርቶ እንደሆነ በመጠየቅ ነውና። ትረካው በሕግ በር ገባ ማለት ነው። ሁሉም ነጭ ወንዶች የሆኑበት የመጀመሪያው ጁሪ መስማማት አልቻለም። በ1926 ተኩሻለሁ ብሎ ቃሉን የሰጠው ታናሽ ወንድም ሄንሪ ለብቻው ሲቀርብ፣ ዳሮው ከ7 ሰዓት በላይ ከተናገረ በኋላ፣ እንደገና ነጭ የሆነ ጁሪ በነጻ አሰናበተው።

ጠበቃ ሐሰት መሆኑን የሚያውቀውን ማስረጃ እንዳያቀርብ ሙያው ይከለክለዋል። ንግግሩም ማስረጃ እንዳልሆነ ዳኛው ይነግርዎታል። የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ስለሆነ ተከላካዩ ምንም ሳይተርክ ዝም ቢልም መብቱ ነው። ሆኖም በመክፈቻ ንግግሩ ቃል የገባው ምስክር ሳይመጣ ቢቀር ክፉኛ ይጎዳል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ጠበቃ በመጀመሪያው ቀን ንግግሩን ይቆጥባል። እርስዎም ለእያንዳንዱ የትረካ ክፍል የትኛው ምስክር ወይም ሰነድ እንደቆመለት ይጠይቁ።

በኢትዮጵያ የወንጀል ችሎት ጁሪ የለም፤ ዳኞች ፍርዳቸውን በምክንያት ይጽፋሉ። ጁሪ ግን ውሳኔውን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። (የንግግር ጥበብ በሙግት መርታቱን ግን «በላ ልበልሃ» ያለ ሕዝብ ከአሜሪካኖች አይማረውም።) የጁሪው አባላት በሚመረጡበት ዕለት በቅንነት መፍረድ ይችሉ እንደሆነ ሲጠየቁ ወዳጅዎ ያሉዎትን ሳይደብቁ ይናገሩ፤ የሚጠየቁት ይህ እንዲወጣ ነውና።