ኢንተርንሺፑ ሲያልቅ «እናመሰግናለን» ብቻ ብለው እንዳይሸኙሽ

«የአካውንቲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዓምና በአንድ ስመ ጥር ድርጅት ለሁለት ወር ኢንተርን ሆኜ ነበር። ፎቶኮፒ ሳነሳና ፋይል ስደረድር ጊዜው አለቀ። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ አመሰገኑኝ፣ በዚያው ተለያየን። ዘንድሮ ሁለት ዕድል አግኝቻለሁ። አንዱ ትልቅ ድርጅት ነው፣ ለሁለት ወር። ምን እንደምሠራ ስጠይቅ የሰው ኃይል ክፍሉ ‹ስትመጪ እንመድብሻለን› አለኝ። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው መካከለኛ ድርጅት ነው፣ ለአምስት ወር። ያነጋገረችኝ የፋይናንስ ኃላፊዋ ራሷ ናት። ጓደኞቼ ሁሉ ትልቁን ያዢ ይሉኛል። እኔ የምፈልገው ስጨርስ የሚቀጥረኝ ቦታ ነው። እንዴት ልለየው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ዓምና ያልቀጠሩሽ አንቺ ስለማትረቢ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ፎቶኮፒ ማሽን ሥር ቆሞ የሂሳብ ችሎታውን ማሳየት የሚችል ሰው የለም። ደግሞም የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኚ ክፍት የሥራ መደብ ከሌለ የሚወድሽ አለቃ እንኳ ሊቀጥርሽ አይችልም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ኢንተርንሺፕ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ድርጅት ኢንተርን የሚወስደው ለመቅጠር አስቦ ነው፤ ለእሱ ኢንተርንሺፕ ማለት ረጅም ኢንተርቪው ነው። አንዳንዱ ሥራ ስለበዛበት ለጥቂት ጊዜ የሚያግዝ ሰው ይፈልጋል። ሌላው ከትምህርት ተቋማት ጋር ስምምነት ስላለው ብቻ ይቀበላል። ሦስቱም ክፋት የለባቸውም። ችግሩ ማስታወቂያቸው ሲነበብ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ስለዚህ የማን ስም ይበልጣል ከማለትሽ በፊት፣ ከዚህ ኢንተርንሺፕ ጀርባ ክፍት ቦታ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ስም ያታልላል። የአውሮፓ ኅብረት አስፈጻሚ አካል የሆነውን የአውሮፓ ኮሚሽንን ውሰጂ። «ብሉ ቡክ» በሚባለው ፕሮግራሙ ወጣቶችን ለ5 ወር በክፍያ ያሠራል። ለመግባት ፉክክሩ ከባድ ነው፣ ሲቪ ላይም ያምራል። ግን እዚያ ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን የሚኬድበት መንገድ ሌላ ነው፤ ራሱን የቻለ የውድድር ፈተና አለው። ልምዱ ግሩም ነው፣ ቋሚ ቅጥር ግን በራሱ አያስገኝም። ወደ አንቺ ሙያ ስንመጣ ደግሞ ትልልቅ የኦዲት ድርጅቶች በየዓመቱ አዲስ ተመራቂዎችን በቡድን ይቀጥራሉ። ስለዚህ ኢንተርኖቻቸውን የሚያዩት እንደ ነገ ሠራተኛ ነው። ሁለቱም ትልቅ ስም ናቸው፤ ከጀርባቸው ያለው ነገር ግን ለየቅል ነው። (የትልልቆቹ ማመልከቻ ሥራው ከመጀመሩ ከብዙ ወራት በፊት ይከፈታል። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚመኙ ታናናሾችሽ ካሉ ቀደም ብለው እንዲያዩ ንገሪያቸው።)

ታዲያ ከጀርባው ያለው እንዴት ይታወቃል? አንደኛው መንገድ በቀጥታ መጠየቅ ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመንባት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ባለፈው ዙር አብረዋችሁ የነበሩት ኢንተርኖች አሁን የት ናቸው?» ኢንተርቪው ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ይህችን ጠይቂ። መልሱን በደንብ አድምጪ። «አንዷ እዚሁ ክፍል ናት፣ አንደኛው ደግሞ ወደ ግዢ ክፍል ተዛውሯል» ካሉሽ ድርጅቱ ሰዎቹን ያውቃቸዋል፣ ይዟቸውም ቀርቷል። «ኧረ ብዙዎቹ ጥሩ ቦታ ገብተዋል» ብለው ካለፉት ግን ማንም አልቀረም ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲያልፉት «እዚህስ የቀረ አለ?» ብለሽ መድገም ነውር አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ሊንክድኢን ነው፤ ሰዎች የሥራ ታሪካቸውን የሚለጥፉበት ድረ ገጽ ማለቴ ነው። የድርጅቱን ስም ጻፊና «ኢንተርን» የሚለውን ቃል ጨምረሽ ፈልጊ። ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት እዚያ የነበሩ ሰዎች ይመጡልሻል። የእያንዳንዱን የሥራ ታሪክ ክፈቺ። ከኢንተርንነቱ በላይ ያለው መስመር ላይ የዚያው ድርጅት ስም ተደግሟል? ወይስ የሌላ ድርጅት ስም ነው? አሥር ሰው ብታዪ አንድ ሰዓት አይፈጅብሽም። ከአሥሩ አራቱ እዚያው ቀርተው ካየሽ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ ይነግርሻል። መካከለኛው ድርጅት ትንሽ ስለሆነ ሦስት ሰው ብቻ ልታገኚ ትችያለሽ። እሱም ይበቃል፤ ለአንዳቸው መልእክት ትጽፊያለሽ።

«የማላውቀውን ሰው እንዴት አስቸግራለሁ?» እንደምትይ ይገባኛል። ግን ልብ በይ። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ሥራቸውን በሰው በኩል ያገኙ ሠራተኞችን ያንን ሰው ምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ጠይቋል። አዘውትረው ያገኙት ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛሽ የሚያውቀውን አብዛኛውን አንቺም ታውቂዋለሽ። አዲስ ወሬ ያለው ራቅ ያለው ሰው ጋ ነው። ካንቺ ሁለት ዓመት ቀድማ የተመረቀች ልጅ፣ አንድ ኮርስ ብቻ ያስተማረሽ መምህር፣ ዓምና ፎቶኮፒ ስታነሺ ፈገግ ብሎ ያልፍ የነበረው የኦዲት ሠራተኛ ማለቴ ነው። መልእክቱም አጭር ይሁን፦

«ጤና ይስጥልኝ። የአካውንቲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። እርስዎ ኢንተርን በነበሩበት ድርጅት ለመግባት እያሰብኩ ነው። እዚያ በነበሩበት ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር? ሲጨርሱስ የመቀጠር ዕድል ነበር? በሁለት መስመር ቢመልሱልኝ በጣም አመሰግናለሁ።»

ሥራ ስጡኝ አላልሽም። የጠየቅሽው የሰውየውን ልምድ ነው። ስለ ልምዱ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ደስ ይለዋል።

ለመለየት የሚረዱ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ማን እንደሚያሠራሽ ከወዲሁ ይታወቃል? ምን እንደምትሠሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግሩሽ ይችላሉ? ጊዜውስ ይበቃል? ሁለት ወር በጣም አጭር ነው። የመጀመሪያው ወር ሰው በመልመድ ያልቃል። በአምስት ወር ግን የወር መጨረሻ ሂሳብ ሲዘጋ ደጋግመሽ ታያለሽ። መጀመሪያ ታያለሽ፣ ቀጥሎ ታግዣለሽ፣ ከዚያ ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ክፍያ መኖሩም አንድ ምልክት ነው፤ አንድ ኃላፊ በጀት አስፈቅዷል ማለት ነው። ዋስትና ግን አይደለም።

አሁን ገባሽ እንበል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አንድ ሥራ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። «ምን ላግዝ?» ብቻ አትበይ፤ እሱን ስትይ ነው ፎቶኮፒው የሚመጣው። «የአንዱን ባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ብይዝ፣ እየሠራሁ ላሳይዎት?» በይ። የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ለኢንተርን ተስማሚ ሥራ ነው። የባንኩን መግለጫ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር መስመር በመስመር ታመሳክሪያለሽ። ያልተመነዘረ ቼክ፣ ያልተመዘገበ የአገልግሎት ክፍያ፣ ሁለቴ የገባ ደረሰኝ ታገኚያለሽ። ስህተትሽ ቶሎ ስለሚገኝ ብዙ ጉዳት አያመጣም። ስኬትሽ ደግሞ በቁጥር ይታያል። «ስመጣ ለሦስት ወር ያልታረቀ ልዩነት ነበር፣ አሁን ዜሮ ነው» ማለት ትችያለሽ። ሥራውን እንዴት እንደሠራሽ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለኃላፊዋ ስጪያት። ማን ሊቀጠር እንደሚገባ ስትከራከር በእጇ የምትይዘው ነገር ይኖራታል።

ደግሞ ተናገሪ! ይሄን ከራሴ ሕይወት ነው የማውቀው። ተማሪ ሳለሁ ኢንተርን የነበርኩበት አንድ ቢሮ ነበር። ሥራውንም ሰዎቹንም እወድ ነበር። የመጨረሻው ቀን አለቃዬ «ቀጥሎ ምን አሰብክ?» አለኝ። መቅረት እየፈለግኩ፣ ችክ ያልኩ እንዳይመስልብኝ «እስቲ አየዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። ከወራት በኋላ ሰውየውን መንገድ ላይ አገኘሁት። በዚያው ወር አንድ መደብ ተፈቅዶ ነበር። «ትምህርት ልትቀጥል የፈለግክ መስሎኝ ሌላ ሰው ወሰድን» አለኝ። እስከ ዛሬ ያቺ ቀን ከልቤ አልወጣችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን ሥራ ቦታ ላይ ዝምታ ሲነቅዝ አይቻለሁ።

ስለዚህ እስከ መጨረሻው ቀን አትቆዪ። ያን ጊዜ በጀቱም አልቋል፣ ውሳኔውም ተወስኗል። አምስት ወር ከሆነ በሁለተኛው ወር ማብቂያ ላይ ኃላፊዋን አሥር ደቂቃ ጠይቂያት። እንዲህ በያት፦ «እዚህ መሥራት በጣም ወድጄዋለሁ። ስጨርስ ብቀር ደስ ይለኛል። ክፍት ቦታ ሊኖር ይችላል? እንድታሰብበት ምን ማሻሻል አለብኝ?» ቀጥለሽ «ውሳኔው የማን ነው?» በይ። አንዳንዴ ኃላፊዋ ብትፈልግሽም የምትፈርመው እሷ አይደለችም። የበጀት ጊዜያቸው መቼ እንደሆነ ካወቅሽ እሷም ስምሽን በሰዓቱ ታቀርባለች።

መልሱ «ቦታ የለም» ከሆነስ? አይክፋሽ፣ ግን እዚያ አታቁሚው። «ትምህርት እስክጨርስ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን እየመጣሁ ልቀጥል?» ብለሽ ጠይቂ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲው ኸርማን ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1906 የምህንድስና ተማሪዎቹን በትምህርትና በሥራ መካከል እያፈራረቀ ማስተማር ጀምሮ ነበር። እየተመላለሰ የሚሠራን ልጅ ሰው ይለምደዋል። መደብ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታወሰው እሱ ነው። ይሄም ካልሆነ፣ ከመውጣትሽ በፊት ኃላፊዋ ስለ ሥራሽ የምትመሰክር ደብዳቤ እንድትጽፍልሽ ጠይቂያት። የታረቀውን ሂሳብ የሚጠቅስ ደብዳቤ ይሁን። «ታታሪና ትሑት ናት» የሚል ብቻ ከሆነ ለቀጣዩ ቀጣሪ ምንም አይነግረውም።

ወደ ምርጫሽ ልመለስ። በጻፍሽልኝ ብቻ ከፈረድኩ መካከለኛውን ያዢ እላለሁ። ጊዜው ረዘም ይላል፣ የሚያሠራሽም ሰው ይታወቃል። የክፍሉ ኃላፊ ራሷ ጊዜ ወስዳ ኢንተርን ማነጋገሯ ቀላል ነገር አይደለም። «ስትመጪ እንመድብሻለን» የሚለው መልስ ግን ዓምና የሰማሽው ይመስለኛል። ጓደኞችሽ ክፉ አልመከሩሽም፤ የሚያዩት ስሙን ነው። አንቺ ደግሞ ከተመረቅሽ በኋላ ያለውን ወር ነው የምታዪው።

እሺታሽን ከመስጠትሽ በፊት ግን ለፋይናንስ ኃላፊዋ ደውይላትና ያችን ጥያቄ ጠይቂያት፦ ባለፈው ዙር የነበሩት የት ናቸው? ያንኑ ጥያቄ ለትልቁም ድርጅት አቅርቢ፤ ምናልባት ያልጠበቅሽው መልስ ይመጣ ይሆናል። የሁለቱንም መልስ በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፊና ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።