ጠጠሩን ከበረዶው ጋር አትወርውሩት

«ቢላውን ከመሬት ስንት ሴንቲ ላንሳው?» አንድ ወጣት የጠየቀኝ ይህችን ብቻ ነው። ከትራክተሩ ኋላ በረዶ መወርወሪያ አስሯል፤ ቢላ ያለው የማሽኑን አፍ የታችኛ ጠርዝ ነው፤ የሚጠርገው ደግሞ ኮረኮንች መንገድ ነው። በአንድ ቁጥር መልሼ ልገላገል ስል፣ በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ ከመንገድ ዳር ሣር ውስጥ በሬክ የሚለቀመው ጠጠር ትዝ አለኝና ቆጨኝ። ያ ሁሉ ጠጠር እኮ መንገዱ ላይ መቅረት ይችል ነበር። ስለዚህ ልጆቼ፣ ቁጥሩን ላቆየውና ከወቅቱ የመጀመሪያ በረዶ ልጀምር።

የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል መሬቱ ገና በውርጭ አልጠጠረም። ላዩ ነጭ ነው፣ ከሥሩ ጭቃ። መወርወሪያው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል፤ ያ ክብደት ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ጠባብ የብረት ጫማዎች ላይ ሲያርፍ ጫማዎቹ ይሰጥማሉ፣ ቢላውም ተከትሏቸው ይወርዳል። ከዚያ በማሽኑ አፍ ውስጥ የሚሽከረከረው ጠመዝማዛ የሚሰበስበው ጠጠርና ጭቃ ይሆናል። አንድ ጠዋት እንዲህ የተጠረገ መንገድ ወቅቱን ሙሉ ጎድጉዶ ይከርማል፤ ምክንያቱም የተላጠው ቦታ ውሃ ይቋጥራል፣ ውሃው በረዶ ይሆናል፣ የሚቀጥለው ጠረጋ ደግሞ የቀረውን ጠጠር ይነቅላል።

ታዲያ በዚያ ቀን ምን ይደረግ? የጣለው እስከ 10 ሴንቲ ከሆነ መወርወሪያውን ከፒቲኦው፣ ማለት ከትራክተሩ የኃይል ማውጫ፣ አላቅቁና አንሱት፤ በጎማ ብቻ ሂዱበት። አንዱን የጎማ ፈለግ ከሌላው እያስጠጋችሁ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በዝግታ። እርጥበት ያለው በረዶ ሲረገጥ ወደ 3 ሴንቲ ገደማ ይጠቀጠቃል፤ ሌሊቱን ውርጭ ሲመታው ከጠጠሩ ጋር ተጣብቆ እንደ ሊሾ ይጠነክራል። ከዚያ ወዲያ የምትጠርጉት እሱን ነው እንጂ ጠጠሩን አይደለም። በጣም ሲበርድ የሚጥለው ደረቅ ብናኝ ግን ቢረገጥም አይያያዝም፤ ትንሽ ከሆነ ተዉት። በአንድ ጊዜ 30 ሴንቲ ከጣለም መጠቅጠቅ አይሞከርም፣ ጎማው ይቀበራል። ያኔ ቢላውን 5 ሴንቲ አንሱና ላይ ላዩን ወርውሩ፣ የቀረውን ጠቅጥቁ። ዳገቱ ቢያዳልጥ ደቃቅ ጠጠር ወይም አሸዋ በትኑ፤ ጨው ግን የደከማችሁበትን ሁሉ አቅልጦ ወደ ጭቃ ይመልሰዋል።

የዛሬ ወጣቶች ትዕግሥት የሚያጥራችሁ እዚህ ላይ ነው። መሬቱ ጠቁሮ ካልታየ የሠራችሁ አይመስላችሁም። ቪዲዮ ላይ የምታዩት በአፈሙዙ፣ ማለት በመወርወሪያው ቱቦ፣ የሚወጣውን በረዶ ከፍታ ነው፤ ከማሽኑ ኋላ የቀረውን መንገድ ማንም አያሳያችሁም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነጭ መንገድ ትቶ ይሄዳል።

አሁን ቁጥሩ። ወለሉ እስኪጠነክር ከ4 እስከ 5 ሴንቲ፣ ከጠነከረ በኋላ 2 ሴንቲ ገደማ። በዓይን ግምት አይሁን። ማሽኑን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ፣ በቢላው ሁለት ጫፎች ሥር እኩል ውፍረት ያለው ጣውላ አስገቡ፣ ማሽኑን አሳርፉበት፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የጫማዎቹን ብሎኖች አላልታችሁ ጫማዎቹ መሬት እንዲነኩ ልቀቋቸውና መልሳችሁ አጥብቁ። ጫማዎቹ ጠባብ ከሆኑ በሰፋፊ ለውጧቸው። ወደ 6 ሴንቲ ውፍረት ያለው የብረት ቧንቧ በቁመቱ ሰንጥቆ ቢላው ላይ ማልበስም ይሠራል፤ ክብ ስለሆነ ጠጠሩን ሳይቆፍር ይንሸራተትበታል። ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘውን የላይኛውን ክንድ በጥቂቱ ማሳጠርም የማሽኑን አፍ ቀና ያደርገዋል፤ ስታስረዝሙት ግን ቢላው ይቆፍራል።

ብዙዎች የሚረሱት የመንገዱን ቅርፅ ነው። ኮረኮንች መንገድ ውሃ እንዲወርድለት መሀሉ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ከመሀል ወደ ዳር ያለው ቁልቁለት 4 በመቶ ከሆነ 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ መሀሉ ከዳሩ 8 ሴንቲ ይበልጣል። ቀጥ ያለ ቢላ መሀል ለመሀል ከነዳችሁ ጉብታውን ይላጫል፣ ዳሩ ላይ በረዶ ይተዋል። ግማሽ ግማሹን ጥረጉ፤ የታችኛውን ክንድ ማስተካከያ አዙራችሁ ማሽኑን ከቁልቁለቱ ጋር አጋድሉት።

ስትሠሩ ዓይናችሁ የሚወረወረው በረዶ ቀለም ላይ ይሁን። ቡናማ ሲል ወዲያው አንሱ። ከዚያም በፊት ጆሮ ይሰማል፤ የአፈሙዙ ላሜራ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ጠጠር መግባቱን ይናገራል። በረዶውን በአፈሙዙ የሚወረውረው ፋን በደቂቃ 540 ዙር የሚሽከረከርና ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሴንቲ ከሆነ ጫፉ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ጠጠሩም ወደዚያ በተጠጋ ፍጥነት ይወጣል። አፈሙዙ ወደ ሰው፣ ወደ መስኮት፣ ወደ ቆመ መኪና አይዙር።

ፍጥነትን በነዳጅ አትቀንሱ፣ በማርሽ እንጂ። ፒቲኦው የሚፈልገውን ዙር ሰጥታችሁ ተዉት። 2 ሜትር ስፋት ያለው ማሽን 20 ሴንቲ በረዶ ውስጥ በእያንዳንዱ ሜትር ጉዞ 0.4 ሜትር ኩብ ያነሳል። አዲስ ደረቅ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ቢመዝን 40 ኪሎ ነው፤ ሰንብቶ ተጠቅጥቆ 300 ቢደርስ 120 ኪሎ። ስለዚህ ትናንት የሄዳችሁበት ፍጥነት ዛሬ ሦስት እጥፍ ይበዛል። ቤት አጠገብ ግን የተናገርኩትን ላፍርስ፤ እዚያ ዙሩን ቀንሱት፣ ጠጠር ቢያመልጥም ሩቅ አይሄድም። በረዶው እርጥብ ከሆነ አፈሙዙ ቶሎ ይደፈናል፣ እሱን ቻሉት።

ሲደፈን ፒቲኦ ይጠፋል፣ ሞተር ይጠፋል፣ ቁልፍ ይነቀላል፣ ፋኑ እስኪቆም ይጠበቃል፤ ከዚያ በእንጨት እንጂ በእጅ አይጠረግም። ሞተሩ ጠፍቶም ፋኑ ታፍኖ የያዘውን ኃይል ሲለቅ ጣት ይቆርጣል። ይህን ለማንም ሁለት ጊዜ አልነግርም።

ድንጋይ ሲይዝ እንዲሰበር የተሠራው ብሎን ቢሰበር አትናደዱ፣ ሥራውን ነው የሠራው። ማኑዋሉ የብሎኑን ጥንካሬ 8.8 ካለ 8.8 አስገቡ። ጠንካራውን 10.9 ያስገባ ሰው ብሎን አያልቅበትም፤ ቀጥሎ የሚሰበረው ግን ኃይሉን ከትራክተሩ ወደ ማሽኑ የሚወስደው ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ ወይም የማርሽ ሳጥኑ ነው። መለዋወጫውን ከመፍቻው ጋር ትራክተሩ ላይ ያዙ።

ጠርጋችሁ ስትጨርሱ ባዶውን አንድ ሁለት ደቂቃ አሽከርክሩት፣ ውስጡ የቀረው ይውጣ። ካልሆነ ሟሙቶ መልሶ ሲረጋ ፋኑን ከቤቱ ጋር ያጣብቀዋል፣ ጠዋት ፒቲኦ ስታስገቡም ያ ብሎን ይሰበራል። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ፋኑን በብረት ገፋ አድርጋችሁ መዞሩን እዩ።

ሙቀቱ ሲመለስና ወለሉ ሲላላ መወርወሪያውን ፍቱት። ያን ጊዜ የሚቀረው ሥራ የአካፋ ነው፤ ዝቅ ባሉት ቦታዎች ዳር ላይ የተቆለለውን በረዶ እየቆረጣችሁ ለውሃው መውጫ ክፈቱለት። ካልተከፈተለት የጎማውን ፈለግ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፣ ያተረፋችሁትንም ጠጠር ይወስዳል።