ከፎርማት በፊት ሊሞከር የሚገባው ጥገና

ጥያቄ፦ ቤታችን ውስጥ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለን። ከሁለት ሳምንት በፊት አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት ጠፋና ድንገት ተዘጋ። መብራት ሲመጣ ቢነሳም፣ ከዚያ ወዲህ ስታርት ሜኑው አልፎ አልፎ አልከፈት ይላል፤ ሴቲንግስም ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። የሱቃችንን ሂሳብ የምንመዘግብበት ፕሮግራም ደግሞ «ቪሲራንታይም 140» የተባለ የዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሞች ለመነሳት የሚጠቀሙበት አጋዥ ፋይል) አልተገኘም እያለ መነሳት አቁሟል። የወሰድንበት ጥገና ቤት ፎርማት ከማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ከመጫን በቀር መፍትሔ የለውም ብሎናል። የወንድሜ ልጅ ግን የጠፋውን ፋይል ከኢንተርኔት አውርጄ ልክተተው ይላል። የልጆቻችን ፎቶ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የማንን ምክር እንስማ?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ለጊዜው የሁለቱንም ምክር ያቆዩት። ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩ እየተነሳ ባለበት በዚህ ሰዓት ፎቶዎቹንና የሂሳብ መዝገቡን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ ፋይሎችዎን የማይነካ ጥገና ቢሆንም፣ በሥራ ላይ ሳለ ኃይል የተቋረጠበት ዲስክ ነገ እንደሚነሳ ዋስትና የለውም።

የነገሩን ምልክቶች ስናያቸው፣ ያጋጠማችሁ አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ብልሽት ይመስለናል። የስታርት ሜኑውና የሴቲንግሱ ችግር የዊንዶውስ የራሱ ነው። አፕዴት ማለት አሮጌ የሲስተም ፋይሎችን በአዲስ የመተካት ሥራ ስለሆነ፣ መሐል ላይ መብራት ሲጠፋ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ የቀረ ፋይል ሊኖር ይችላል። ዊንዶውስ ለእንዲህ ያለው ቀን የፋይሎቹን መጠባበቂያ ቅጂ በራሱ ማከማቻ ውስጥ ያስቀምጣል። «ኤስኤፍሲ» የተባለው መሣሪያ የሲስተም ፋይሎቹን አንድ በአንድ ይመረምርና የተበላሸውን ከዚያ ማከማቻ ባወጣው ጤነኛ ቅጂ ይተካል። ነገር ግን ማከማቻው ራሱ ተጎድቶ ከሆነ የሚተካበት ስለማያገኝ፣ ብዙ ሰው በዚህ መሣሪያ ሞክሮ «አልተሳካም» የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማከማቻውን «ዲዝም» በተባለው ሌላ መሣሪያ መጠገን፣ ከዚያ ወደ ኤስኤፍሲ መሄድ ይገባል።

ስታርት ሜኑው ስለማያስተማምን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን በአንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። «ራን ኒው ታስክ» የሚለውን ከመረጡ በኋላ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፈው፣ ከሥሩ ያለውን የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ሣጥን ምልክት ያድርጉበት፤ ያለዚህ ፈቃድ ጥገናው አይጀምርም። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዲዝም» ብለው «ኦንላይን»፣ «ክሊንአፕ-ኢሜጅ» እና «ሪስቶርሄልዝ» የሚሉትን ያስከትሉ (DISM /Online /Cleanup-Image /RestoreHealth)። በእያንዳንዳቸው መካከል ክፍት ቦታ ይኑር፤ ከሦስቱ ተከታይ ቃላት ፊት ስላሽ ይግባ፤ «ሪስቶርሄልዝ» ሳይነጣጠል እንደ አንድ ቃል ይጻፍ። መሣሪያው ጤነኛ ቅጂዎችን ከማይክሮሶፍት ስለሚያወርድ ኢንተርኔት መገናኘት አለበት። ሥራው ምን ያህል እንደደረሰ የሚያሳየው የመቶኛ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ደቂቃ ቆሞ ቢያዩት የተለመደ ነውና አይዝጉት። ሲጨርስ «ኤስኤፍሲ» ብለው ክፍት ቦታ፣ ስላሽና «ስካንናው» ይጻፉ (sfc /scannow)። የተበላሸ አግኝቶ እንደጠገነ ከነገራችሁ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት። አግኝቶ ጥቂቶቹን መጠገን እንዳልቻለ ከነገራችሁ፣ ሪስታርት አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ድገሙት።

አሁን ወደ ሂሳብ ፕሮግራማችሁ እንምጣ። እዚህ ላይ የወንድምዎን ልጅ አደራ የምንለው ነገር አለ። ቪሲራንታይም 140 የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ስላልሆነ ኤስኤፍሲ አይመልሰውም። «ቪዡዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል» ከሚባለውና ማይክሮሶፍት በነፃ ከሚያድለው ጥቅል ጋር የሚመጣ ነው። አንድ የዲኤልኤል ፋይል ለብቻው የሚያድሉ ድረ ገጾች ፋይሉ ከየት እንደመጣ አይናገሩም። ቫይረስ ሊይዝ ከመቻሉም ሌላ፣ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ከጓደኞቹ ፋይሎች ጋር ስሪቱ ካልተስማማ ፕሮግራሙ ሌላ ስህተት ማውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ጥቅሉን በሙሉ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ያውርድ። ፕሮግራማችሁ ባለ 32 ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑን ካላወቃችሁ ሁለቱንም ይጫን፤ አብረው ቢቀመጡ ጉዳት የላቸውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ዊንዶውሱ ካልተስተካከለም ገና ፎርማት ላይ አልደረስንም። የዊንዶውስ 11ን አይኤስኦ ፋይል (የዊንዶውስ መጫኛውን በሙሉ በአንድ የያዘ ፋይል) ከማይክሮሶፍት አውርዳችሁ፣ ዊንዶውሱ ተከፍቶ ባለበት ውስጡ ያለውን ሴትአፕ ማስነሳትና ፋይሎችና ፕሮግራሞች እንዳሉ ይቆዩ የሚለውን ምርጫ መውሰድ ይቻላል፤ የሲስተም ፋይሎቹ ብቻ ከእንደገና ይጫናሉ። ፋይሉ በርካታ ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ብትፈልጉ ይሻላል። ብዙ ጥገና ቤቶች ይህን መንገድ ዘለው በቀጥታ ወደ ፎርማት መሄዳቸው ያሳዝነናል፤ ለእነሱ የሚፈጥን ሥራ ቢሆንም፣ በዚያ መንገድ የዓመታት ፎቶ ያጡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

አንድ ነገር ብቻ ይህን ምክራችንን ይለውጠዋል። የሲ ድራይቭን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ፣ «ቱልስ» ከሚለው ሥር «ቼክ» የሚለውን በመጫን ዲስኩን አስመርምሩ። ምርመራው ያገኘው የዲስክ ስህተት ከተስተካከለ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም ዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ፣ የሚጠገን ሲስተም ሳይሆን የሚለወጥ ዲስክ ነው ያላችሁ።