«ሳልኖር ታረቁበት»፦ የመሬት እርቅ ፍርድ ቤት ካጸደቀው በኋላ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። በቦታ ወይም በእርሻ መሬት ክስ ተጀመረ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ስምምነት ተጻፈ፣ ፍርድ ቤቱ አጸደቀው፣ መዝገቡ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ «እኔስ?» የሚል ሰው መጣ።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ የአዘዞ ልጅ ናት። አባታቸው ትተውት ባለፉት ግቢ ሁለት ወንድሞቿ ተካሰው፣ በስምምነት ለሁለት ተካፍለው ፍርድ ቤት አጸደቀላቸው። እሷ ያኔ መተማ ትሠራ ነበር፣ ማንም አልነገራትም። ስትጠይቅ ታላቅ ወንድሟ «ፍርድ ቤት ያጸደቀውን ማንም አይነካውም» አላት። እውነቱን ነው ወይ ትላለች።

አይደለም እህቴ። እርቅ የሚያስረው የታረቁትን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እርቅ ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል ሲል፣ በታራቂዎቹ መካከል ማለቱ ነው። አንቺ አልተጠራሽም፣ አልፈረምሽም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 ላንቺ ዓይነት ሰው መንገድ አስቀምጧል። በክርክሩ ውስጥ መግባት የነበረበት ወይም ይችል የነበረ፣ ግን ሳይገባ ፍርዱ መብቱን የነካበት ሰው መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። የምታቀርቢውም ስምምነቱን ላጸደቀው ለዚያው ፍርድ ቤት ነው፤ ባሕር ዳር ድረስ መንከራተት የለብሽም። ችሎቱ ሁላችሁንም ሰምቶ ፍርዱን ሊያጸናው፣ ሊያሻሽለው ወይም ሊሰርዘው ይችላል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። ይህ መቃወሚያ የሚቀርበው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው። «ለፋሲካ ቤተሰብ ሲሰበሰብ እንነጋገራለን» ብሎ ወራት የጠበቀ፣ ሲመጣ ግን ቦታው ተለክቶ፣ ካርታው በየስማቸው ወጥቶ፣ አጥሩ ቆሞ የጠበቀው ስንት ሰው አውቃለሁ። ፍርዱ ከተፈጸመ በዚህ በኩል መምጣት አይቻልም፣ የቀረውም መንገድ ረጅምና አድካሚ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት መዝገብ ቤት ሂጂና የፍርዱን ግልባጭ አውጪ። የአባትሽ ልጅ መሆንሽን የሚያሳይ ማስረጃ ያዢ። መቃወሚያውን ስታስገቢ አፈጻጸሙ እንዲታገድ አብረሽ ጠይቂ። ወንድሞችሽ ናቸውና ሽማግሌ ላኪ፣ ደግ ነው፤ አቤቱታው ግን ይቅደም። ደግሞ ብቻሽን እንዳትሞክሪው፣ አደራ። ለጠበቃ የምትከፍዪው ከሌለሽ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በዚህ ሳምንት ሂጂ።

ከማራኪ የጻፈው ወጣት ደግሞ አምና ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተካሶ፣ ትንሽ ለቆለት ታርቋል። አሁን በሰፈሩ አስፋልት ሊገባ ነው ሲባል ሰማና እርቁን ማፍረስ አማረው።

አይሆንም ወንድሜ። ችሎት ቆመህ ፈርመሃል። «መብቴን ተሳስቼ ነው የታረቅሁት» ማለት እርቅ እንደማያፈርስ ያው ቁጥር 3312 በግልጽ ይናገራል። ጎረቤትህ በሐሰተኛ ሰነድ አታሎህ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። ያኔ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 6 ፍርዱ እንደገና እንዲታይ ትጠይቅ ነበር፣ ያውም ነገሩን ካወቅህ በአንድ ወር ውስጥ። በደብዳቤህ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቦታው ተወደደ ብለህ ሰውየውን ደግመህ አታንገላታው።

«የፍርድ ግልባጭ ከየት ይወጣል?» ፍርዱን ከሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት። የመዝገቡን ቁጥር ይዘህ ሂድ።

አረብ አገር ያለች እህት ለአክስቷ ልጅ ቤቷን እንዲያስተዳድር ውክልና ሰጥታው ነበር። እሱ ተከሶ ሲቀርብ ግማሽ ግቢዋን ለቆ ታረቀ። ውክልናው ለአስተዳደር ብቻ ከሆነ መታረቅ አይችልም ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለመታረቅ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ወረቀቱን አውጪና ቃል በቃል አንብቢው። «እንዲታረቅልኝ» የሚል ካለበት ነገሩ ይከብዳል። ጠበቃ አማክሪ።

የመጨረሻው ደብዳቤ ከደንቢያ ነው፣ ከአንድ አባት። ገንዘብ ቸግሯቸው የእርሻ መሬታቸውን ሊሰጡ ተስማሙ። ደላላው «ሽያጭ ክልክል ስለሆነ ገዢው ይክሰስዎ፣ እርስዎ ይመኑለት፣ ከዚያ ታርቀናል በሉ» አላቸው። እንደተባሉት አደረጉ፣ ፍርድ ቤቱም አጸደቀ። ባለቤታቸው እስካሁን አያውቁም።

አባቴ፣ የደላላው ነገር በጣም ነው ያናደደኝ። በዚህ ዘዴ ስንት ገበሬ መሬቱን አጣ! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ሽያጭን እርቅ ብሎ መጥራት ሕጋዊ አያደርገውም፣ ፍርድ ቤትም ሕግ የሚቃረን ስምምነት ማጽደቅ የለበትም። ችሎቱ የቀረበለትን ወረቀት ነው ያየው፣ ከጀርባው ያለውን አልነገራችሁትም። ከዚህ በላይ ደግሞ የይዞታ ደብተሩን ይክፈቱት። በእኛ በአማራ ክልል ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። የባለቤትዎ ካለበት እሳቸው ሳይጠሩ የተሰጠ ፍርድ ነውና፣ ሳይፈጸም ከደረሱበት ለአዘዞዋ ልጅ የነገርኳት መቃወሚያ ለእሳቸውም ይሠራል። ውሉ ሲፈርስ ግን የተቀበሉት ገንዘብ ይመለሳል፣ ካሁኑ ያስቡበት። ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ ደላላው ያለዎትንም፣ የተቀበሉትንም አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩት፤ ግማሹን ደብቀው ከሄዱ ሊረዳዎት አይችልም። ከሁሉ በፊት ግን ለባለቤትዎ ዛሬ ማታ ይንገሯቸው።