መልስ፦ ለስኳር ቁስል የናኖ ብር ቅባት ልግዛ ወይ?

አትግዛ። የስኳር ታማሚ እናትህን የእግር ቁስል በናኖ ብር ቅባት፣ ማለትም በጣም ደቃቅ የብር ማዕድን ቅንጣት ባለው ቅባት፣ ላድነው ብለሃል። የብር ናኖ ቅንጣት ባክቴሪያ ይገድላል፤ የስኳር ቁስልን ቶሎ እንደሚዘጋ ግን በሰው ላይ በደንብ አልተረጋገጠም።

ምርምሩ እየሮጠ ነው። የቁስሉ ስኳር ሲጨምር መድኃኒት የሚለቅ ጄል፣ ብግነት (የቁስሉን ማበጥና መቅላት) የሚያበርድ ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለ የብረት ውህድ ደቃቅ ቅንጣት እየተሞከረ ነው። ተስፋ አለው፤ አብዛኛው ግን ገና አይጥ ላይ ነው።

ነገ ጠዋት ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ውሰዳት። የሞተው ሥጋ ይጠረግላት፣ የእግሯ የደም ዝውውር ይታይ፣ ስኳሯም ይስተካከል። በቆሰለው እግሯ አትርገጥ፤ ይሄ ከየትኛውም ቅባት ይበልጣል።

አደራ፣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። እኛ ኮምቦልቻ አባቴን ዘፍዝፈነው እግሩ ደንዝዞ ስለነበር መቃጠሉን እንኳ አላወቀም። አዲሱ ቁስል ከመጀመሪያው ባሰ። ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይም ካተኮሳት ሌሊትም ቢሆን ይዘሃት ሂድ።