ነሐሴ ላይ ተወርዋሪ ኮከብ በሬዲዮ ማዳመጥ ለሚፈልገው የደብረ ሲና ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። «ደብረ ሲና ነኝ፣ ነሐሴ ላይ ጭጋጉ ሰማይ አያሳይም። ተወርዋሪ ኮከብ በሬዲዮ ይሰማል ይባላልና ምን ልግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች የዕቃ ዝርዝር ደርድረውልሃል። እባክህ ዛሬ ምንም አትግዛ። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ዲሽ እየተከልኩ ነው የምኖረው፣ አንቴና አውቃለሁ የምል ሰው ነበርኩ። ያንን ዝርዝር አምኜ የአራት ወር ቁጠባዬንና አንድ ሙሉ ነሐሴ አጥቻለሁ።

1. መጀመሪያ የሚመረጠው ጣቢያው ነው። ዶንግሉም (ላፕቶፕ ላይ የሚሰካው ትንሹ የሬዲዮ መቀበያ) አንቴናውም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ተወርዋሪው ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲቃጠል የሚተወው መስመር የሬዲዮ ሞገድ እንደሚያነጥር አንተም አንብበሃል፣ እሱን አልደግምልህም። ማንም ያልነገረህ ርቀቱን ነው። በኢንተርኔት የምታያቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የሚያዳምጡት ፈረንሳይ አገር ዲዦን ከተማ አቅራቢያ ያለውን ግራቭስ የተባለ ራዳር ነው። ሳተላይት ለመከታተል የተሠራ ነው፣ በ143.050 ሜጋኸርዝ ያለማቋረጥ ያስተላልፋል። እኔም ለዚያች ቁጥር የተለካ ባለ ሰባት ዘንግ ያጊ አንቴና ከነማጉያው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አስመጣሁ። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ በሙሉ ጣሪያ ላይ ሰቅዬው ላፕቶፑ ሥር አደርኩ። ፍልሰታ ስለነበር እናቴ ለኪዳን ስትነሳ እኔ ገና አልተኛሁም። አንድ ድምፅ አልሰማሁም። ኬብል ቀየርኩ፣ ኮኔክተር በጥርሴ ሳይቀር አጠበቅሁ፣ ማጉያው ተበላሽቷል ብዬ ፈታሁት።

መስከረም ላይ ነው ቁጭ ብዬ ያሰላሁት። መሬት ክብ ናት። 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለን ነገር አንተም ጣቢያውም እኩል ልታዩት የምትችሉት በመካከላችሁ ያለው ርቀት ከ2,000 ኪሎ ሜትር ብዙም ካልበለጠ ብቻ ነው። ከእኛ እስከ ግራቭስ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የፈለግኸውን አንቴና ብትሰቅል አይሰማም። ይህን ስሌት ከመግዛቴ በፊት አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ! ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ለዚሁ ነው።

ለእኛ የሚሆኑት የጎረቤት አገር ኤፍኤሞች ናቸው። ከደብረ ብርሃን ሰንዓ 800፣ ካርቱም 1,000፣ ሞቃዲሾ ከ1,000 ትንሽ በላይ፣ ናይሮቢ 1,250 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ይህ ልክ የሚፈለገው ርቀት ነው። በቀጥታ አይሰሙም፣ ከላይ ግን ይነጥራሉ። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ እያዞርክ አንተ ቤት ፍጹም ባዶ የሆነ፣ ግን ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ ጣቢያ ያለበትን ቁጥር ፈልግ። ይህን ፍለጋ ሁለት ሦስት ቀን ብትሠራው አይቆጭህም።

2. ዕቃ ከውጭ የምታስመጣ ከሆነ አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅ።

ዶንግሉ ለብቻው ተልኮ ነበርና አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተያዘብኝ። አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባለው ጣት የምታህል ነገር ነች። ዲጂታል ቴሌቪዥን ለመቀበል የተሠራች ናት፣ ሰዎች ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሬዲዮ መቀበያነት አዋሏት። ለዚህች ዕቃ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ሌላ ቀን «ደብዳቤ አምጣ»። ከማን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ኮከብ በዓይን ነው የሚታየው፣ ሂድና ቀና ብለህ ቁጠር» አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ሌሊቱን በጉዞ ያደርኩ ሰው ነኝ፣ ያቺ ንግግር እስካሁን ታመኛለች።

ያዳነችኝ እዚያው ጎን የተቀመጠች ሴት ናት። «ያስተላልፋል ወይስ ይቀበላል ብቻ?» አለችኝ። ይቀበላል ብቻ አልኳት። ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። ስለዚህ የዕቃውን ፎቶና ሞዴል አድርገህ፣ ከላይ በትልቁ «ተቀባይ ብቻ ነው፣ አያስተላልፍም» ብለህ ጻፍ። ደግሞ ከማዘዝህ በፊት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቅ። ዕቃው ከተያዘ በኋላ መጠየቅ ልመና ይሆንብሃል።

ቀበሌህንም አትርሳ። ጣሪያህ ላይ እንግዳ ብረት ሲታይ ሰው ይጠይቃል፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ መጠየቁ ተገቢ ነው። እኔ ጎረቤቶቼን ቡና ጠርቼ ላፕቶፑን አሳየኋቸው። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቁኝ «ዛሬ ስንት ወደቀ?» ብለው ነው።

3. አንቴናውን ራስህ ሥራው። 143ን ለመረጥከው ሜጋኸርዝ አካፍል፣ ጠቅላላ ርዝመቱን በሜትር ይሰጥሃል። ለ100 ሜጋኸርዝ 1.43 ሜትር ማለት ነው፣ ለሁለት ከፍለህ እያንዳንዱን ክንድ 71 ሳንቲ ሜትር ግድም አድርገው። የመጋረጃ ዘንግ ይበቃል፣ የዲሽ ኬብልም ይሆናል። ወደ ላይ እንዳታቀናው! እኔ በዲሽ ልማድ አቅንቼው ነበር። የሚነጥርበት ቦታ ከአንተ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሆነ ከአድማሱ አሥር ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። አንቴናው አግድም ተኝቶ፣ ጎኑ ወደ ጣቢያው አቅጣጫ ይዙር።

እዚህ ላይ አንተ ከእኔ የተሻልክ ነህ። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ የአዲስ አበባ ኤፍኤሞች እየገቡ ዶንግሏን ያደነቁሯታል፣ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ኃይለኛ ድምፅ አትችልም። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ዘንጎቼን ጠቅልዬ በጣርማ በር ወርጄ ደብረ ሲና እህቴ ቤት ተከልኩ። ከኋላህ ያ ሁሉ ተራራ የአዲስ አበባን ይጋርድልሃል፣ ከፊትህ ወደ ይፋትና ወደ አፋር ሜዳው ክፍት ነው። ሌሊት ነው፣ ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፣ ከስፒከሩ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው የሚወጣው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ሽሽታው ድንገት ተቆረጠና ጥርት ያለ የዐረብኛ ዘፈን ቁራጭ ገባ። አንድ ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ መልሶ ሽሽሽ። እህቴን ቀሰቀስኳት። እሷም ተቀምጣ ጠበቀችና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላ ስትሰማ እጄን ያዘችኝ። ያን ሌሊት በቃል አልገልጽልህም።

ለዚህ ነው ቪዲዮ ላይ እንዳለው የፉጨት ድምፅ አትጠብቅ የምልህ። ፉጨቱ የራዳር ነው። በኤፍኤም የሚመጣልህ የቃል ግማሽ፣ የዘፈን ቁራጭ ነው። አብዛኛው ከሰከንድ በታች ነው፣ ትልቁ ብዙ ሰከንድ ይቆያል። ደቂቃዎች ሙሉ የሚቆይ ከመጣ ግን አትቁጠረው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ቀን ቀን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፣ እሱም ሞገድ ያነጥራል። የክረምት መብረቅ ጧ ብሎ ያልፋል፣ ቃል የለውም። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖልና ቻርጀር ካለ ንቀል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማሉ።

ሰዓት! ይህንን መንገር ረስቼ ነበር፣ ጻፈው። መዝገብህን በዓለም አቀፉ ሰዓት ያዝ፣ ከእኛ የቀን ሰዓት ላይ ሦስት፣ ከሌሊቱ ሰዓት ላይ ደግሞ አሥራ አምስት ትደምራለህ፣ ከ24 ካለፈ 24 ትቀንሳለህ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እዚያ 24 ወይም ዜሮ ነው። እኔ የአንድ ወር ቆጠራ በእኛ ሰዓትና በላፕቶፑ ሰዓት ቀላቅዬ ጽፌ ጣልኩት። ልክ መሆንህን የምታውቀው ደግሞ በዚሁ ነው። በማንኛውም ተራ ቀን ከማለዳው 12 ሰዓት አካባቢ ቆጠራው ይበዛል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ያንሳል፤ ንጋት ላይ ያለው የምድር ፊት ወደምትሮጥበት አቅጣጫ የዞረ ነውና። መዝገብህ ይህን ካላሳየ የምትቆጥረው ሌላ ነገር ነው።

ፐርሲድስ የሚባለው፣ ተወርዋሪ የሚበዛበት የነሐሴ ወቅት፣ ከፍ የሚለው ነሐሴ 6 እና 7 ነው፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት አዳምጥ። ለእኛ ግን ታኅሣሥ 4 እና 5 የሚመጣው ጀሚኒድስ ይበልጣል፣ ተወርዋሪዎቹ የሚመጡ የሚመስሉበት የሰማይ ነጥብ አናታችን አጠገብ ይደርሳል፤ ውርጩን ቤት ውስጥ ጋቢህን ለብሰህ ታልፈዋለህ። ግንቦት 30 ገደማ ደግሞ አሪየቲድስ አለ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚወርድ፣ በዓይን ብዙም የማይታይ። እንዲህ ያሉትን የቀን ወራጆች እንግሊዝ አገር በርናርድ ሎቬል የሚመራው ቡድን በ1947 እ.ኤ.አ. በጦር ራዳር ነው ያገኛቸው። አንተ በመጋረጃ ዘንግ ትሰማዋለህ።

ከሁሉ የምወደው ግን የጥቅምት 11ዱ ኦሪዮኒድስ ነው። የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ትቶት የሄደ አቧራ ነው። ከተማዬ ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ በታየ ብርሃን ነው፣ ያንን ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየው ከሃሌይ ጋር የሚያያይዙ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ በዚያ ሌሊት አንዲት የቃል ቁራጭ ስሰማ የማስበው ይህንን ነው።

ወደ ሃያ ሜትር የዲሽ ኬብል ተርፎኛል፣ ኮኔክተሮቹም ታስረዋል። ደብረ ብርሃን ስትመጣ ውሰደው። ያንን ያጊ ግን ማንም እንዳይወስደው ዘንጎቹን ቆርጬ አዲስ አንቴና ሠርቼበታለሁ።