መጀመሪያ ካሬውን ሳሉት

ይድረስ የስኩዌር ሩት ምልክት ሲታያችሁ ደብተራችሁን ለምትከድኑ ልጆች፣

እኔ የሒሳብ መምህር አይደለሁም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በግንባታ ሥራ ላይ፣ ከሜትርና ከቱንቢ ጋር ነው። ተማሪ ሳለሁ የ9 ስኩዌር ሩት 3 መሆኑን እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። ትርጉሙ የገባኝ ግን ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፤ ያውም አፍሬ።

4 በ4 ሜትር ለሆነ ክፍል 16 ካሬ ሜትር ሴራሚክ አስልቼ ነበር። ባለቤቱ ሐሳባቸውን ለወጡና ክፍሉ 8 በ8 ይሁን አሉ። «እጥፍ ሆነ ማለት ነው» ብዬ 32 አዘዝኩ። ሴራሚኩ ገና የወለሉ እኩሌታ ላይ ሳለ አለቀ! ወለሉን የሚያነጥፉት አዛውንት አልተቆጡኝም። በእንጨት መሬት ላይ አንድ ካሬ ሳሉ፤ ቀጥለው ጎኑ የዚያ እጥፍ የሆነ ሌላ ካሬ ሳሉ። ትንሹ በትልቁ ውስጥ አራት ጊዜ ገባ። የሚያስፈልገው 64 ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኩዌር ለእኔ በቁጥር ራስ ላይ የተቀመጠች ትንሽ 2 መሆኗ ቀረ። ጎኑ ታውቆ ስፋቱ ሲጠየቅ ስኩዌር ነው፤ ስፋቱ ታውቆ ጎኑ ሲጠየቅ ደግሞ ስኩዌር ሩት፣ ወይም ዳግም ዘር። (−3 በራሱ ሲባዛም 9 ይሰጣል ቢሏችሁ እውነት ነው፤ ምልክቱ የሚጠይቀው ግን አዎንታዊውን ብቻ ነው። እኔም ጎኑ ከዜሮ በታች የሆነ ክፍል ሠርቼ አላውቅም።)

«ቦታው 150 ካሬ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። አራቱም ጎኖቹ እኩል ቢሆኑ አንዱ ስንት ሜትር ይሆናል? 12 በ12 ሲባዛ 144፣ 13 በ13 ሲባዛ 169 ነው፤ ስለዚህ መልሱ በሁለቱ መካከል፣ ወደ 12 ተጠግቶ ይገኛል። አሁን 150ን ለ12 አካፍሉት፤ 12.5 ይመጣል። የ12ን እና የ12.5ን አማካይ ውሰዱ፤ 12.25። ከትክክለኛው የሚርቀው በ3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስልካችሁን ከኪስ ሳታወጡ ማለት ነው። የጥንት ባቢሎናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1800 እስከ 1600 ባለው ዘመን በሸክላ ላይ ጽፈው የተዉት የ2 ስኩዌር ሩት፣ በእኛ አጻጻፍ እስከ 1.41421 ድረስ ትክክል ነው። ሸክላው ዛሬ በየል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ስልክ እንዳልነበራቸው መቼም ታውቃላችሁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን አንድ ስሕተት ነው፤ ጎበዝ ተማሪዎችን ሳይቀር ይጥላል። 9 እና 16 ተደምረው ስኩዌር ሩታቸው ሲጠየቅ፣ የየራሳቸውን አውጥተው 3 እና 4ን ደምረው «7» ይላሉ። 9 እና 16 ሲደመሩ 25 ነው፤ መልሱም 5። ግንበኛ የቤት ማዕዘን ሲያወጣ ከአንድ ችካል ተነሥቶ በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ገመድ ይዘረጋል። የሁለቱ ጫፎች ርቀት 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ልክ 90 ዲግሪ ነው፤ ካልሆነ አንደኛውን ችካል ያንቀሳቅሳል። ርቀቱ 7 ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ገመዶች በአንድ መስመር ላይ ተጋድመዋል ማለት ነው፤ ማዕዘንም የለ፣ ቤትም የለ።